ተማሪዎቼ እየቀሩብኝ ነው፤ ማስተማሬን ልተወው?

ጥያቄ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በሳምንት ሁለት ምሽት ለስደተኞች በነፃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አስተማሪነት ሙያዬ አይደለም። እንግሊዝኛም አፍ የፈታሁበት ቋንቋ አይደለም፤ እኔም ተምሬው ነው። ስጀምር ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። አሁን ግማሹ እንኳ አይመጣም። የሚመጡትም ዛሬ ታይተው ነገ ይጠፋሉ።

ሁለት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። አንደኛው፣ ስለ ቤተሰብ እያስተማርኩ አንዷን ተማሪ «ስንት ልጆች አሉሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ከዚያ አለቀሰችና ወጣች፤ እስካሁን አልተመለሰችም። ሁለተኛው፣ በዕድሜ የገፉ አንድ አባት አሉ። አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። ግን በአገራቸውም ፊደል አልቆጠሩም፤ እስክሪብቶ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹ ገጽ ሲገልጡ እሳቸው ዝም ብለው ያዩኛል።

በዚያ ላይ ተማሪዎቹ ማታ ማታ እየደወሉ «ይህን ደብዳቤ አንብቢልን፣ ቢሮ አብረሽን ሄደሽ አስተርጉሚልን» ይሉኛል። እምቢ ማለት ያሳፍረኛል። እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ለዚህ ሥራ የምሆን ሰው አይደለሁም ብዬ ልተወው?

ግራ የገባት በጎ ፈቃደኛ

መልስ፦

እህቴ፣ አትተዪው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ተማሪዎችሽ የሚቀሩት አንቺ ስላልቻልሽበት ነው የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁበትም። የታየኝ ሌላ ነው። የያዝሽው መጽሐፍ የተጻፈው ለሌላ ሰው ነው። አብዛኛው የእንግሊዝኛ መማሪያ በልቡ የያዘው ተማሪ ትምህርት ቤት የዋለ፣ ቤተሰቡ ከጎኑ ያለ፣ በየሳምንቱ በሰዓቱ የሚገኝ ሰው ነው። አንቺ ፊት የሚቀመጠው ሰው እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከሰዎቹ ጀምሪ። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር የመጣ ነው።

መጀመሪያ ስላለቀሰችው እህት። የጠየቅሻት ጥያቄ የትኛውም የጀማሪዎች መጽሐፍ ላይ አለ። በክፋት አልጠየቅሽም፤ ስለዚህ ራስሽን አትውቀሺ። ግን እስቲ በእሷ ቦታ ሆነሽ አስቢው። የ1951 (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ኮንቬንሽን ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ የተነሣ እንዳይሳደድ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ያደረበትን ሰው ነው። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ያንን ፍርሃት በአንደበቱ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ባለሥልጣን ፊት ተቀምጦ ይጠየቃል። መቼ ወጣህ? በየት በኩል መጣህ? ከማን ጋር ነበርክ? ልጆችሽ የት ናቸው? አንዳንዱ ይህን የተጠየቀው ደጋግሞ ነው። አንዲት ቀን ከተዛነፈችበት ደግሞ ቃሉ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል።

አሁን መጽሐፍሽን አውጪና ያለፈ ጊዜ የሚያስተምረውን ምዕራፍ ግለጪ። የት ሄድክ? መቼ ሄድክ? ከማን ጋር ሄድክ? ጥያቄው ቁርጥ ያው ነው። አንቺ ግስ እያስተማርሽ ነው። ተማሪሽ ግን ያ ቢሮ ውስጥ ተመልሶ ተቀምጧል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስለ ራሳቸው ሕይወት ጠይቀሽ አታስተምሪ። ሰሌዳው ላይ አንዲት ሴት ሳዪ፤ ስም ስጧት። ክፍሉ ራሱ ልጆቿን ይቁጠርላት፤ ሥራዋን፣ ባሏን፣ እህቷን ይፍጠርላት። «ስንት ልጆች አሏት?» ብሎ መጠየቅም መመለስም ይለምዳሉ። ሰዋስውን ያገኙታል፤ ማንም ቁስሉ አይነካም። ስለ ራሱ ማውራት የሚፈልግ ሰው ያወራል፤ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ፈቃድ። ያለፈ ጊዜ ስታስተምሪ ደግሞ ከትናንትና ከዛሬ ጠዋት አትለፊ። ዛሬ ስንት ሰዓት ተነሣህ? በምን መጣህ? ይህ ይበቃል። «አገሬ ቤታችን»፣ «ጉዞዬ»፣ «የልጅነት ፎቶዬ» የሚሉ የቤት ሥራዎችን ተያቸው።

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ሳምንት «ኔክስት፣ ፕሊስ» የሚለውን አስተምሪያቸው። ማንም ሰው መመለስ ያልፈለገውን ጥያቄ በዚህች ሁለት ቃል ማለፍ እንደሚችል፣ «ለምን?» የሚለው እንደሌለ ይወቅ። ራስሽ አንድ ሁለቴ ተጠቀሚባትና አሳያቸው። አስተማሪዋ እያደረገችው ሲያዩ ሐፍረቱ ይጠፋል።

ክፍል ውስጥ ሰው ካለቀሰ ለሌሎቹ በጸጥታ የሚሠሩት ነገር ስጪና ውኃ አቅርቢለት። ምን እንደሆነ አትጠይቂ። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሽም፤ እንድትሆኚም አይጠበቅብሽም። በአካባቢሽ ለስደተኞች የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ቦታ ካለ አድራሻውን ይዘሽ፣ ለብቻ ስትገናኙ መስጠት በቂ ነው። ለዚያች እህት አጭር መልእክት ጻፊላት። «ወንበርሽ አለ፤ በመጣሽ ጊዜ ደስ ይለኛል» ብቻ። ማብራሪያም ይቅርታም አታብዢበት። በአገሯ ልጆች በኩል ግን አትላኪባት። የምትሸሸው ነገር ምን እንደሆነ አናውቅም፤ ሐዘኗ የሰው አፍ ውስጥ እንዲገባ አትፈልግ ይሆናል።

አሁን ወደ አባታችን። ከደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን የያዘው እሳቸው ናቸው። አንድም ቀን ያልቀረ ተማሪ! እሳቸው እያሉሽ ክፍሌ ወደቀ አትበዪ።

እኚህ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ነው የተሸከሙት። አንዱ የማያውቁትን ቋንቋ መማር ነው። ሌላው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ መማር ነው። ሌሎቹ ተማሪዎችሽ የተሸከሙት አንዱን ብቻ ነው። ባለሙያዎቹም ይህን ልዩነት በደንብ ለይተው ለማስቀመጥ ጊዜ ወስዶባቸዋል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው፣ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የቋንቋ ደረጃ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት እርከን አለው። ማንበብ ለማይችል ትልቅ ሰው የሚሆን፣ ከኤ1 በፊት ያለውን መንገድ የሚያሳይ መመሪያ ያው ምክር ቤት ያወጣው ግን በ2022 ነው። ስለዚህ አባታችን ኤ1 ላይ የወደቁ ተማሪ አይደሉም። ገና ወደ ኤ1 እየሄዱ ነው፤ መንገዱም ረጅም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጣሪ። «መጻፍ የማይችሉ» ያልሻቸው ሌሎችም ካሉ በሌላ ፊደል ያነባሉ ወይ ብለሽ ጠይቂ። በዓረብኛ የሚያነብ ሰው ማንበብ ይችላል። ዓይኑ ከቀኝ ወደ ግራ ስለለመደና አጫጭር አናባቢዎችን ሳይጻፉ ማንበብ ስለለመደ ነው የሚቸገረው። ዓረብኛ «ፐ» የሚባል ድምፅም የለውም፤ «ፓርክ» ብትዪው «ባርክ» ቢልሽ አይግረምሽ። በእኛ ፊደል የተማረ አማርኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ ደግሞ የተጻፈው ሁሉ እንደተጻፈው የሚነበብ ይመስለዋል። 26 ፊደል ይዞ 44 ያህል ድምፅ የሚያወጣው እንግሊዝኛ ያበሳጨዋል። «ስኩል»ን «እስኩል» ይላታል። ሶማልኛ ከ1972፣ ኦሮምኛ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በይፋ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እነዚህ ተማሪዎች ፊደሉን ያውቁታል፤ ድምፁ ነው የሚለይባቸው። ኤክስ ለኦሮምኛ አንባቢ «ጥ» ነው፤ ሲ ደግሞ «ጭ»። እነዚህን ሁሉ ከአባታችን ጋር አንድ ቦታ አታስቀምጪያቸው። እነሱ ትንሽ ልምምድ ይበቃቸዋል።

ለእሳቸው ግን በጆሮ ጀምሪ። ጄምስ አሸር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው አንድ ዘዴ አለ። አስተማሪው ያዛል፤ ተማሪው በአካሉ ይመልሳል። ተነሣ፣ ቁጭ በል፣ በሩን ክፈት፣ ቁልፉን ለእሷ ስጣት። ተማሪው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መረዳቱን ያሳያል። ወረቀት የለም፣ እስክሪብቶ የለም። በዚህ ጨዋታ አባታችን ከተማሩት ሁሉ ሊቀድሙ ይችላሉ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስንት ቋንቋ እንደሚናገር ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? በገበያና በጉርብትና ሦስት አራት ቋንቋ የለመዱ ሞልተዋል።  እሳቸውንም በአስተርጓሚ ጠይቂያቸው። መልሳቸውን ክፍሉ ሁሉ ይስማው።

የእጃቸው መንቀጥቀጥ ደግሞ ሁልጊዜ ፍርሃት ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያ የሚያዩት ምን ያህል እንደሆነ አረጋግጪ። ዕድሜ 40ን ሲያልፍ ቅርብ ያለን ጽሑፍ ማየት እየከበደ ይሄዳል። ማንበብ የማያውቅ ሰው ግን ይህን የሚያውቅበት አጋጣሚ የለውም። ስንቱ ትልቅ ሰው «አእምሮዬ ደንዝዟል» ሲል ኖሮ የንባብ መነጽር ሲያደርግ ነገሩ ይገለጥለታል! ከዚያ ቀጭኑን እስክሪብቶ ይተዉትና ወፍራም ማርከርና ጽሑፉ የሚጠፋ ትንሽ ሰሌዳ ስጪያቸው። ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ነገር በእጅ ይጠፋል፤ ደብተር ላይ ግን አፍጥጦ ይቀራል። ፊደል ከመጻፋቸው በፊት መስመር ይሳሉ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ክብ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ስማቸው ይሁን። መታወቂያቸው ላይ እንዳለው፣ አንድ ፊደል ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ። አጻጻፉ የተሳሳተ ቢመስልሽም አታርሚው፤ በየቢሮው የሚፈለገው ከሰነዱ ጋር መመሳሰሉ ነው። ቀጥሎ የስልክ ቁጥራቸው። ቀጥሎ በየቀኑ የሚያልፉባቸው ጽሑፎች፦ መውጫ፣ ግፋ፣ ሳብ፣ አደጋ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያሉ እንዲዘምሩ አታድርጊ። የፊደሉ ስም ለማንበብ አይረዳም፤ «ደብልዩ» ከሚለው ስም ውስጥ የፊደሉን ድምፅ ፈልገሽ አታገኚውም። ድምፁን አስተምሪያቸው። የፊደሉን ስም የሚማሩት ስማቸውን በስልክ ፊደል በፊደል መጥራት ሲያስፈልጋቸው ነው።

ትንሽ እንግሊዝኛ መናገር ሲጀምሩ ደግሞ ይህን ሞክሪ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሩሽ። «ይህ ስልኬ ነው። ስልኬ አሮጌ ነው።» ያሉትን በትልቁ ጻፊው፤ አታሳምሪው። የራሳቸው ንግግር ስለሆነ ምን እንደሚል አስቀድመው ያውቁታል። ጣታቸውን እያስኬዱ ያንብቡት። ከዚያ ወረቀቱን በቃል በቃል ቆራርጠሽ ደባልቂውና መልሰው ይደርድሩት። ሰው የራሱን ቃል ወረቀት ላይ ሲያየው ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ራስሽ ታዪዋለሽ።

ብራዚላዊው የትምህርት ምሁር ፓውሎ ፍሬሬ በ1963 (እ.ኤ.አ.) አንጂኮስ በምትባል ከተማ ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ያህል ትምህርት ማንበብና መጻፍ እንዳስጀመረ ይታወቃል። የጀመረው ሠራተኞቹ በየቀኑ ከሚጠቀሙባቸው ቃላት ነው። ምሳሌውን ያመጣሁት የቃላት ምርጫውን እንድትወስጂ ነው እንጂ ሰዓቱን እንድትቆጥሪ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ማንበብ የተማሩት በሚናገሩት ቋንቋ ነበር። የፖርቱጋልኛ አጻጻፍም እንደ እንግሊዝኛ የተወላገደ አይደለም። አባታችን ስማቸውን ለመጻፍ ወራት ቢፈጅባቸው ሰነፉ ማለት አይደለም። ደግሞ አደራሽን፣ ጥንቸልና ፊኛ የተሳለበት የሕፃናት መጽሐፍ አትስጫቸው። ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሰው ናቸው።

ስለሚቀሩት ተማሪዎች ብዙ አትጨነቂ። የማታ ሥራ ያገኘ አለ። ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ አለ። ልጇን የሚይዝላት ያጣች አለች። መጓጓዣ ያልቻለ አለ፤ ይህን ግን አይነግርሽም። ቀርቶ ሲመለስ «የት ጠፋህ?» አትበዪው፤ ለብዙዎቻቸው ይህ የመርማሪ ጥያቄ ነው። «እንኳን መጣህ» በዪው፤ በቃ። አንቺ ማድረግ የምትችዪው እያንዳንዱን ምሽት ራሱን የቻለ ማድረግ ነው። የማክሰኞው ትምህርት ማክሰኞ ይለቅ። ያለፈውን ሳምንት ያልመጣ ሰው ገብቶ ባዶ እጁን እንዳይወጣ።

ምን ይሁን ካልሽኝ፣ ነገ ጠዋት የሚጠቅም አንድ ነገር። ለምሳሌ ቁጥር። 13 እና 30፣ 14 እና 40፣ 15 እና 50 በእንግሊዝኛ ጆሮ ላይ መንታ ናቸው። አንድ ሰው ቀጠሮው በ13 ሲሆን በ30 ቢሄድ የሚደርስበትን አስቢው። ልዩነቱ ድምፁ የሚጠነክርበት ቦታ ላይ ነው፤ «ሰርቲን» መጨረሻው ላይ ይጠነክራል፣ «ሰርቲ» መጀመሪያው ላይ። ግን ጥሩ ጆሮ ያለውም ይስታል። ስለዚህ «ዋን፣ ስሪ? ኦር ስሪ፣ ዚሮ?» ብለው መልሰው እንዲጠይቁ አለማምጃቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ በስልክ እንደሚነጋገሩ ይሞክሩት። በአንድ ምሽት የሚያልቅ ትምህርት ነው፤ በማግሥቱ ሥራ ላይ ይውላል።

የተለያየ ደረጃ ያላቸውን በአንድ ክፍል ለመያዝም ይኸው መንገድ ይሠራል። አንድ ፎርም አምጪ። አባታችን ስማቸውንና ስልካቸውን ይሞሉበታል። መካከለኞቹ ሙሉውን ይሞሉታል። ጎበዞቹ የቢሮ ሠራተኛ ሆነው ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ «እባክዎ ይድገሙልኝ» ይላሉ። በብዙ ሕዝብ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ የመጨረሻ ስም የሚለው ሳጥን ላይ ጭቅጭቅ ይነሣል። ይነሣ፤ ከሁሉ የሚጠቅመው ውይይት እሱ ነው። ጎበዞቹን ግን ሁልጊዜ ረዳትሽ አታድርጊያቸው። እነሱም ሊማሩ ነው የመጡት፤ ከሚቀሩት ውስጥ እነሱ ሊኖሩበት ይችላሉ።

እንግሊዝኛዬ የተማርኩት ነው ብለሽ የተሸማቀቅሽበትን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ጥቅምሽ እንጂ ጉድለትሽ አይደለም። የት ቦታ እንደሚያስቸግር የሚያውቀው ተምሮ የደረሰ ሰው ነው። ከአንቺ ሌላ የተለያየ ሰው ድምፅ እንዲሰሙ በስልክሽ ቅጂ አሰሚያቸው። ቀስ ብለሽ መናገርም አያሳፍርሽ። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ለተማሪዎች የሚሆን ዝግ ያለ የእንግሊዝኛ ዜና በ1959 (እ.ኤ.አ.) ሲጀምር 1,500 ያህል ቃላት ይዞ ነበር የተነሣው።

የማታው ስልክ የመጨረሻው ነው። እዚህ ላይ ጠንከር በዪ። ከትምህርቱ በኋላ ሃያ ደቂቃ የደብዳቤ ጊዜ ነው ብለሽ ለሁሉም ንገሪ፤ ከዚያ ውጭ ስልኬ አይነሣም በዪ። በዚያ ሃያ ደቂቃ ደብዳቤው ከማን እንደመጣ፣ የትኛው ቀን ቀነ ገደብ እንደሆነ፣ ለማን መደወል እንዳለባቸው አሳያቸው። ከዚያ በላይ አትሂጂ። ፈቃደኛ ከሆኑ ስማቸውንና ቁጥራቸውን ሸፍነሽ ያንኑ ዓይነት ደብዳቤ የሚቀጥለው ምሽት ትምህርት አድርጊው።

ማስተርጎሙን ግን እምቢ በዪ። ስለ ሸክሙ ብቻ አይደለም። በጥገኝነት ቃለ መጠይቅ፣ በፍርድ ቤት፣ በሐኪም ፊት አንዲት ቃል ብትስቺ የምትጎዳው አንቺ አይደለሽም። እዚያ የሚያስፈልገው የሠለጠነና ምስጢር የሚጠብቅ አስተርጓሚ ነው። ልጆቻቸውንም ይዘው እንዳይሄዱ ንገሪያቸው፤ ልጅ የእናቱን ሕመም ወይም የአባቱን እስር መተርጎም የለበትም። በምትኩ «አይ ኒድ አን ኢንተርፕሬተር። አይ ስፒክ ሶማሊ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር፣ እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ስም፣ አፉን ይፍታባት። አባታችንም ይችሏታል።

እምቢ ስትዪ ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። «ይህን እኔ ብሠራው ሊጎዳችሁ ይችላል፤ አስተርጓሚ እንዴት እንደሚጠየቅ ግን ዛሬ አብረን እንለማመዳለን» በያቸው። ስምና ስልክ የያዘ አንድ ወረቀትም አዘጋጂ፦ ነፃ የሕግ ምክር የት እንዳለ፣ የስደተኞች ድጋፍ ቢሮው መቼ እንደሚከፈት። ብቻሽን አታስተምሪ ደግሞ፤ አንዱን ምሽት የሚይዝልሽ ሰው ፈልጊ፣ አንቺ በሳምንት አንዴ ይበቃሻል። አንድ ሰው ነገ የሚያልቅ ቀነ ገደብ ያለው ደብዳቤ ይዞ ማታ ከደወለ ግን፣ ስልኩን አንሺ።